ቀይ ለውዝና የአየር ጠመንጃ

የምድር ሽኮኮ ማለዳ አትመጣም። ይህን የተማርኩት ሦስት ማለዳ በከንቱ ጤዛ ላይ ከተኛሁ በኋላ ነው። ፀሐይ የጉድጓዷን አፍ እስክታሞቅ ትጠብቃለች፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን አንገቷን ብቅ ታደርጋለች፣ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ለውዙ ማሳ ትሄዳለች። ቋጥኝ ላይ የምትኖረው ሽኮኮ አይደለችም። መሬት ቆፍራ የምትኖር፣ መልኳ አሸዋ የመሰለ፣ በሁለት ጎኗ ነጭ መስመር ያለባት፣ ጭራዋ የአካሏን ያህል የሚረዝም ናት። የተዘራ ለውዝ ከላይ ምንም ምልክት የለውም፤ እሷ ግን አንዱን ፍሬ ቆፍራ ትበላና አንድ ጊዜ ዘላ ቀጣዩ ላይ ታርፋለች። ዘሩን ራሷ የዘራችው ይመስል መስመሩን አትስትም።

በዚያ ክረምት አሶሳ ከተማ ዳር፣ በአንዲት የበርታ አሮጊት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሀቦባ ይላቸዋል፤ አያት እንደ ማለት ነው። እኔ ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብለው ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ከተማ የገባሁት ሞተር ሳይክልና ባጃጅ የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ነው። ሙያውን በትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ ፈትቼ፣ አይቼ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ገጥሜ ስጨርስ አንድ ብሎን ከተረፈ ሁሉንም እንደገና እፈታለሁ።

የሀቦባ ለውዝ ገበያ ላይ እንደሚሸጠው አይደለም። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ክብ ነው፣ ቆዳው ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ጎረቤቶቻቸው ትልልቁን ፍሬ መዝራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ምርቱ ይበልጣል። ሀቦባ ግን ቀዩን ከእናታቸው ተቀብለው፣ ከመንጌ ወዲያ ካለው መንደራቸው ወደ አሶሳ ሲመጡም ይዘውት መጥተው፣ በየዓመቱ ከጓሯቸው በስተጀርባ ባለችው ማሳ ይዘሩታል። ያለፈው መኸር ላይ ዝናቡ አልቆም ብሎ ለውዙ መሬት ውስጥ እንዳለ በቀለ፣ የቀረውም ሻገተ። ለዘር የተረፈው ሁለት ጣሳ ነበር። አንዱን ጣሳ ግንቦት መጨረሻ ላይ ዘሩት። በስምንት ቀን ውስጥ ሽኮኮዎቹ ጨረሱት።

«ስንት ቀረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሁለተኛውን ጣሳ አንስተው ነቀነቁት። «ይሄ ነው። ይሄንም ሽኮኮ ከበላ፣ ኸላስ። የእናቴ ለውዝ አለቀ።»

«ከዘመድ አይገኝም?»

«ሁሉም ትልቁን ይዟል። ጠየቅኩ። መንጌ ድረስ ላክሁ። የለም።»

መርዝ ይሻላል ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ሀቦባ እሺ አላሉም። «ዶሮ አለ። ልጅ አለ። መርዝ ዓይን የለውም» አሉ። አመድ ነስንሰው፣ እሾህ አጥረው ሞክረዋል። ቁጭ ብለው እንዳይጠብቁ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ሽኮኮዋ በዚህ ጥግ ስትባረር በዚያ ጥግ ትገባለች፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ለመነሳት የሚደግፋቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለውዝ ከተዘራ በኋላ እስኪበቅል ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከበቀለ በኋላ ምርት እስኪደርስ ድረስ ሽኮኮዋ ዞር ብላም አታየውም፤ የምትፈልገው ፍሬውን ነው። የጎደለው እነዚያን ጥቂት ቀናት የሚጠብቅ ሰው ነበር።

«እኔ እጠብቃለሁ» አልኩ።

እንዲህ በድፍረት ያናገረኝ አልጋዬ ሥር የነበረች የአየር ጠመንጃ ናት። በበዓል ሰሞን ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰው ኢላማ የሚያስተኩስ አንድ አጫዋች ከግልገል በለስ መጥቶ ሳለ ሞላዋ ተሰብሮበት ወደ ጋራዡ አመጣት። ያኔ የሚገጥማት ሞላ አላገኘሁም፤ የተበላሸ ሬዲዮውን ግን ሠራሁለት፣ እሱም በምትኩ ጠመንጃዋን ትቶልኝ ሄደ። ባሩድ የማታውቅ ጠመንጃ ናት። ቱቦዋ ወደ ታች ሲታጠፍ ሞላው ይጨመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ደግሞ ከሽንብራ የምታንስ የእርሳስ ፍሬን።

ሞላውን ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ከወጣ ሞላ ቆርጬ አስተካከልኩ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ያለውን የቆዳ ቀለበት ከአሮጌ ጫማ ቆርጬ ቀየርኩ። ያስቸገረኝ ቱቦው ነበር። ከብዙ ዓመት አገልግሎትና በሽቦ ከመጥረግ ብዛት ሰፍቷል። ገበያ ላይ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው እርሳስ በአንዱ ጫፍ ሲገባ በሌላው ጫፍ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ልክ ደግሞ ጨርሶ አይገባም። የእኔ ቱቦ ልክ በሁለቱ መካከል ስለነበር ለእሱ የሚሆን እርሳስ የትም አይሸጥም። መሥራት ነበረብኝ።

የእርሳሱን ቅርጽ ማውጫ የሠራሁት ከተጣለ የሞተር ፒስተን ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ እርሳስ አይጣበቅበትም። ከፒስተኑ ሁለት ቁራጭ አውጥቼ ፊት ለፊት በብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳ፣ አጥብቄ ያዝኳቸውና በመጋጠሚያቸው ላይ ራሴ በሞረድኩት ፑንታ በሳሁ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ጠመመ። ሁለተኛው ሰፋ። አራተኛው ልክ ሆነ። እርሳሱን ከአሮጌ ባላንስ፣ የመኪና ጎማ እንዳይንቀጠቀጥ ከሚለጠፈው ክብደት፣ ሰብስቤ አቀለጥኩት። ከቅርጹ የሚወጣው ፍሬ ከሚፈለገው በጣም በጥቂቱ ስለሚበልጥ በባሌስትራ ብረት ላይ ሌላ ትክክለኛ ቀዳዳ በስቼ እያንዳንዱን በመዶሻ መታ መታ እያደረግሁ በዚያ አሳለፍኩት። ደረቁን ሲያልፍ ይቧጨር ነበር፤ የሰሊጥ ዘይት ሳስነካው ግን እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ወጣ።

ከጋራዡ አጠገብ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ የሚገዛ ሰው ሱቅ ነበረው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በትንሿ ሚዛኑ እርሳሶቼን እንድመዝን ፈቀደልኝ። የሚቀሉትን አንድ ጎን፣ የሚከብዱትን አንድ ጎን ለይቼ መካከለኛዎቹን ብቻ እወስዳለሁ። ሰውየው አገጩን በእጁ ይዞ ያየኛል።

«እርሳስህ ወርቅ የሆነ ቀን ሌላ ሱቅ እንዳትሄድ» አለኝ።

አለቃዬ ደግሞ የወለጋ ልጅ ነው፤ ከእኔ በዐሥር ዓመት ይበልጣል፣ ቀልድ ሳይጨምር ብሎን አያጠብቅም። መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ ከቦታው ባጣ ቁጥር ይጮኻል። «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ልኬት ለሽኮኮ ነው? ልትገድላት ነው ወይስ ቀሚስ ልታሰፋላት?»

ከጋራዡ ጀርባ አንድ ትልቅ ኩይሳ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ኩይሳው ላይ ወረቀት ሰክቼ፣ ከሃያ አምስት ርምጃ ላይ በአሮጌ ጎማ ተደግፌ እተኩሳለሁ። ውጤቱን በደብተር እጽፋለሁ፤ የእርሳሱ ክብደት፣ ነፋስ መኖር አለመኖሩ፣ ቀዳዳዎቹ የተራራቁበት ልክ። በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ ዐሥር እርሳስ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ የሚሸፈን ቦታ ላይ መግባት ጀመረ። የእያንዳንዱን ቀን የመጀመሪያ ተኩስ አልጽፈውም ነበር። ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ማሟሟቂያ ነው ብዬ ነው። ሞተርም ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ይንተፋተፋል፤ ማንም በዚያ አይፈርደውም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሀቦባ ሁለተኛውን ጣሳ አወጡ። ማሳዋ ትንሽ ብትሆንም ሦስት ጎረቤት ሴቶች ሊያግዟቸው መጡ። እኛ ደቦ የምንለውን እነሱ ነፊር ይሉታል። ከእነሱ አንዷ፣ ሳቂታዋ፣ ጠመንጃዬን በጨርቅ ስወለውል አየችኝ።

«ሀቦባ፣ ይሄ ልጅ ሚስት የለውም?»

«የለውም።»

«ለምን ይኖረዋል? ይችን እያጠበ።»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሀቦባ ግን አልሳቁም፤ ዘር በእጃቸው ላይ ነበር። እያንዳንዷን ፍሬ በጣታቸው ዳብሰው ነበር ጉድጓዷ ውስጥ የሚጥሏት። ማሳው ዐሥራ አራት መስመር ሆነ። ጣሳው ባዶውን ቀረ።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከማሳው ራቅ ብሎ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተኝቼ ጠበቅሁ። አለቃዬ እስከ አምስት ሰዓት ፈቅዶልኝ ነበር፤ «ከሽኮኮ ጋር ቀጠሮ ያለው ሠራተኛ ከአንተ ሌላ አላውቅም» ብሎ። የመጀመሪያዋ ሽኮኮ መጣችና ሰባተኛው መስመር ላይ ቆማ መቆፈር ጀመረች። ርቀቱ ሃያ አምስት ርምጃ የሚሆን ነበር፤ ከኋላዋ የማሳው ግንብ የመሰለ የአፈር ክምር አለ። ትንፋሼን ይዤ ምላጩን ሳብሁ። ጠመንጃዋ ጮኸች፣ አፈሩ ከሽኮኮዋ ጀርባ ከአንድ ክንድ በላይ ራቅ ብሎ ቦነነ፤ ሽኮኮዋ የለችም።

የተቆፈረው ቦታ ላይ የለውዝ ቆዳ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ተመልሼ ተኝቼ፣ ሽኮኮዋ በነበረችበት ቦታ ላይ ያለ አንድ የአፈር ጓል ላይ አነጣጥሬ ተኮስኩ። ጓሉ መሃሉን ተመትቶ ፈረሰ። ሌላ ጓል መረጥኩ። እሱንም መታሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ሽኮኮ በዚያኛው ጥግ ገባች። ተኮስኩ፤ በላይዋ አለፈ።

እንዲህ አራት ቀን ሄደ። ስምንት ጊዜ ሽኮኮ ላይ ተኮስኩ፣ ስምንቱንም ሳትኩ። ሽኮኮዎቹ ለጩኸቱ ሸሽተው የሚቆዩት ትንሽ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ጊዜ ነበራቸው። እኔ ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ መሄድ ነበረብኝ። በአራተኛው ቀን ሀቦባ በትራቸውን ይዘው በመስመሮቹ መሃል ሄዱ፣ ጎንበስ እያሉ ክፍት ጉድጓዶቹን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ሦስት መስመር አልቆ ነበር፣ ከአራተኛውም ግማሹ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

መጥተው አጠገቤ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። እኔ እንደ ልማዴ ሽኮኮዋን ከሳትኩ በኋላ አንድ ጓል መትቼ ነበር።

«እሱን መታህ» አሉ በበትራቸው ወደ ጓሉ እየጠቆሙ።

«አዎ ሀቦባ። ጠመንጃዋ ደኅና ናት። ለምን እንደምስት አላውቅም።»

«ሁልጊዜ ሁለተኛው ይመታል። አንደኛው አይመታም። እኔ አየሁ፣ አራት ቀን።» በትራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ጨመሩ፦ «ሽኮኮ ሁለተኛ አይጠብቅም።»

ደብተሬን አወጣሁ። ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። ሁለት መቶ የሚጠጋ ተኩስ በሥርዓት ተጽፎበታል፣ ርቀቱ፣ ነፋሱ፣ ክብደቱ፤ ከሁሉም ውስጥ ግን ጠመንጃዋ ካረፈች በኋላ የተተኮሰ የመጀመሪያ ተኩስ አንድም አልነበረም። ማሳ ላይ ደግሞ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የለካሁት ለወረቀት ነበር።

ጋራዥ ስደርስ ጠመንጃዋን ይዤ ነበር። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀም። «እስቲ ተኩስ» አለኝ። ኩይሳው ላይ ተኮስኩ። ጮኸች። ቱቦዋን ሳጥፈው ቀጭን ጭስ ከውስጥ ወጣ፤ እኔ ይህን ጭስ ከዚያ በፊትም አይቼዋለሁ፣ አቧራ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አለቃዬ አፍንጫውን ወደ ቱቦው አስጠግቶ አሸተተ።

«ምን ቀባህባት?»

«እርሳሱ ላይ ትንሽ የሰሊጥ ዘይት አለ። በቀዳዳው እንዲያልፍ ነው።»

«ኢንጂነር» አለኝ፣ አሁን መሳቅ ጀምሮ፣ «ናፍጣ ሞተር እሳት የሚሰጥ ካንዴላ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይነሳል?»

መልሱን ከመናገሬ በፊት ፊቴ ጋለ። ናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፣ ነዳጁም በዚያ ግለት ይቃጠላል። የእኔም ፒስተን እንደዚያው አየሩን ይጨምቃል፤ ከእርሳሱ ላይ የተረፈው የሰሊጥ ዘይት ወደ ኋላ ወርዶ ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠመንጃዋ አርፋ ስትቆይ ዘይቱ ይወርዳል፣ በመጀመሪያው ተኩስ ይቀጣጠላል፣ እርሳሱን ከልኩ በላይ ይገፋዋል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ አብዛኛው ተቃጥሎ ያልቃል፣ ተኩሱም ይረጋል። ስንት ናፍጣ ሞተር ፈትቻለሁ፤ አንዱን በእጄ ይዤ እንደምዞር አላወቅሁም።

በዚያ ዕለት ጠመንጃዋን ፈትቼ ክፍሉን በጨርቅ አደረቅሁት። እርሳሶቹን ሁሉ በቤንዚን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ይህ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ማነጣጠሪያውን እንደ አዲስ ማስተካከል ነው፤ ዘይት የሌለው ተኩስ የት እንደሚያርፍ አላውቅም፣ ለማወቅ ደግሞ እያንዳንዱን ተኩስ የመጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። አንዴ ተኩሶ ጠመንጃዋን ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ። እንደገና አንዴ ተኩሶ ማሳረፍ። ይህ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ያን ቀን ሙሉ ደግሞ ማሳው ያለ እኔ ይውላል።

ለሀቦባ ነገርኳቸው። በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ እሱን መረጥኩ።

«አንድ ቀን?» አሉ።

«አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ቢያንስ እውነቱን አውቃለሁ።»

ድምፅ የሚያሰማ ነገር አምጣልኝ አሉኝ። የዘይት ቆርቆሮና ዱላ ሰጠኋቸው። ጠዋት ወንበራቸውን ማሳው መሃል፣ አምስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ አስቀምጬላቸው ሄድኩ። ኩይሳው ጋ ሆኜ ከሩቅ ቆርቆሮው ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ዝም ባለ ቁጥር፣ ደከማቸው ወይስ ሽኮኮ የለም እያልኩ ሰዓቴን አያለሁ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዐሥራ ስምንት ጊዜ ብቻ ተኮስኩ። ዐሥራ ስምንቱንም ጻፍኩ። እርሳሱ ቀድሞ ከሚያርፍበት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ ኃይሉም ይቀንሳል፤ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ነው። ከአቅሙ በላይ እንዳልጠብቅበት ርቀቱን ወደ ዐሥራ ስምንት ርምጃ አሳጠርኩ።

ማታ ስመለስ ሀቦባ ከወንበሩ ለመነሳት ክንዴን ያዙ። እጃቸው ቆርቆሮ ከመምታት ብዛት ቀልቶ ነበር። «ግማሽ መስመር በላ» አሉ። «እኔ ተኛሁ ትንሽ።» ይቅርታ የጠየቁኝ ይመስሉ ነበር፤ ቆርቆሮውን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከማንጎው ሳይሆን ከማሳው ዳር ካለው የቀርከሃ ቁጥቋጦ ሥር ነበርኩ። ሽኮኮዋ ስድስተኛው መስመር ላይ መጥታ በኋላ እግሯ ቆማ ዙሪያዋን ቃኘች። ምላጩን ሳብሁ። በዚህ ጊዜ ጩኸት አልነበረም፤ አንድ ደረቅ ነገር የተሰበረ የመሰለ ድምፅ ብቻ። ሽኮኮዋ በቆመችበት ወደቀች፣ አልተንቀሳቀሰችም። ሄጄ አየኋት። ጉንጯ ውስጥ አንድ ቀይ ፍሬ ነበር፣ ጥርስ ያልነካው። ሽኮኮዋን ቀበርኳት፤ ፍሬውን ለሀቦባ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩትና ሄደው ከወጣበት ጉድጓድ መልሰው ቀበሩት።

በአራት ቀን ውስጥ አምስት መታሁ፣ አንድ ሳትኩ። የሳትኩት ነፋስ ስለነበር ነው፤ ጽፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሽኮኮዎች ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ መሰለኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ጠዋት ሀቦባ ከእኔ ቀድመው ማሳው ላይ ነበሩ። አፈሩ በትንሽ በትንሹ ተሰነጣጥቆ፣ ከየስንጥቁ እጥፍ ያለ አንገት የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል። መስመሮቹን እየቆጠሩ ሄዱ፣ እኔም ከኋላቸው። ከአምስተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው መስመር ጥቂት ክፍተት ቢኖርም በቅሏል። የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። የእኔ አራት ቀን እዚያ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ሀቦባ በሳምንቱ ባሚያ ዘሩበት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለውዙ ተነቀለ፣ ደረቀ፣ ተፈለፈለ። ብዙ አይደለም። ሀቦባ ግን ከእሱ አንዲትም ሳይቀምሱ በፊት ለዘር የሚሆነውን ለዩና ለአራት ከፈሉት። አንዱን ለራሳቸው አስቀሩ፤ ሁለቱን በነፊሩ ከመጡት ሴቶች ለሁለቱ ሰጡ። «ዘር አንድ ቤት ብቻ አይቀመጥም» አሉ። «እኔ አጠፋሁ። አንድ ቤት አስቀመጥኩ።» አራተኛውን በጨርቅ ቋጥረው ለእኔ ሰጡኝ። «ለእናትህ።»

እሑድ ወደ መንደራችን ሄጄ ለእናቴ ሰጠኋት። ቋጠሮውን ፈትታ ፍሬዎቹን በመዳፏ አንከባለለች።

«ምን ያህል ይጥለቅ አሉ?»

«ሁለት ጣት።»

«በማን ጣት?»

አልጠየቅኋቸውም ነበር። እናቴ ሁለት ጣቷን አጋጥማ አሳየችኝ፤ በእርሻ የወፈሩ፣ የሀቦባን አንድ ተኩል የሚሆኑ ናቸው።

«እንዲህ ሳይጠይቁ ነው ዘር የሚያመጡት?» አለች። «ሂድ ለክተህ ና።»

በማግሥቱ ከሥራ በፊት ሀቦባን ጣታቸውን እንዲዘረጉልኝ ለመንኳቸው። ሳቁ፣ ግን ዘረጉ። ከአጥሩ የቀርከሃ ስንጣሪ ቆርጬ በጣቶቻቸው ትይዩ ያዝኩትና ምልክቱን በቢላ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁት።